የሦስተኛው ሳህን ግብር

ሰኞ፣ ኅዳር 15

እህቴ እታለም ሹመቱን አልቀበልም አለች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የነገረችን። ሐኪሙ የነርሶች አለቃ ሊያደርጋት ነው፤ ደመወዟም ያድጋል። እስከ ዓርብ መልስ ስጪኝ ብሏታል። እሷ ግን «ደመወዜ ከፍ ሲል ላይኛው የግብር መደብ ውስጥ እገባለሁ። ያን ጊዜ ሁሉም በከባዱ ይቆረጣል፤ ከአሁኑ ያነሰ ይዤ ልገባ ነው» ትላለች።

አጎታችን አያ ቸኮል ደገፏት። ለወንድሜ ለአድማሱ ተዝካር ከመካነ ብርሃን መጥተው እስካሁን እኛው ዘንድ ናቸው። «ልክ ናት። የግብር ገማች አንዲት ሸጋ ጥግ ካየ ማሳውን ሁሉ በሷ ነው የሚገምተው። አባታችሁ በዚያች በጓሮዋ ገብስ የተነሳ በሬ አልሸጠም?»

ሸጧል። እታለም በሬው ሲነዳ አይታለች።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ቤቱን የያዘው የአድማሱ የአስተማሪነት ደመወዝ ነበር። ሹመቱ ከቀረ ትምህርቴን ትቼ ከአያ ቸኮል ጋር እሄዳለሁ። ሳይደብቁ ነግረውኛል።

ማክሰኞ

በሒሳብ ከክፍሌ የሚበልጠኝ የለም። ነገሩ እንደዚያ ሊሆን እንደማይችል ገብቶኛል። አንድ ብር ጭማሪ ያገኘ ሰው ከጭማሪው በላይ ከተቆረጠበት ማን ሹመት ይቀበላል?

በእርሳስ እያሰላሁ ለእታለም አሳየኋት። «ወረቀት ላይማ ሁሉ ያምራል» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

አድማሱ ቢሆን ታምነው ነበር። ኮቱ አሁንም ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ማንም አላነሳውም።

ረቡዕ

ከትምህርት ቤት ስወጣ ግብር ቢሮ ሄድኩ። የአድማሱን ኮት ለብሼ ነበር፤ እጅጌውን ሁለት ጊዜ ማጠፍ ግድ ሆኖብኛል። ጸሐፊው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ግብር ከፋዩ ጌታዬ፣ ምን እንታዘዝ?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም።

ሲሰለቸው ነገረኝ። ከፍ ያለው ግብር የሚያርፈው ከወሰኑ በላይ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። ከወሰኑ በታች ያለው እንደ ድሮው ይቆረጣል። «ገባህ?» አለኝ። ከመምጣቴም በፊት ገብቶኝ ነበር።

ሐሙስ

ወረቀት እንደማይሠራ አውቄያለሁ። ሦስት የወለቃ ሸክላ ሳህኖች ደረደርኩና የአያ ቸኮልን ቆሎ ተበደርኩ።

«ይህ ደመወዝሽ ነው» አልኳት። የመጀመሪያውን ሳህን ሞላሁና አንድ ቁንጥር አነሳሁ። ሁለተኛውን ሞላሁና ሁለት ቁንጥር። «እስካሁን የምትከፍይው ይኸው ነው። አሁን ጭማሪው መጣ።» ሦስተኛው ሳህን ውስጥ አንድ እፍኝ ጨመርኩና ከእሱ ብቻ ሦስት ቁንጥር አነሳሁ። የቀረው የእሷ ነው።

አያ ቸኮል የመጀመሪያውን ሳህን በመዳፋቸው ከደኑት። «ተመልሶ እዚህ አይገባም?»

«አይገባም።»

«ይህ ሸጋ፣ ያ ደግሞ ጭንጫ፣ እየለየ ነው የሚገምት?»

«እየለየ።»

«ምነው ታዲያ የእኛ ገማች ሳህን አያውቅ!» አሉና ያነሳሁትን ግብር በሙሉ ቆረጠሙት።

እታለም ስትስቅ ሰማሁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ «እንደ አድማሱ ነው የምታስረዳው» አለችኝና ፊቷን አዞረች። እኔም ሳህኖቹን ላጥብ ብዬ ወጣሁ። ንጹሕ ነበሩ።

ዓርብ

እሺ ብላለች! ሐኪሙ ምነው ይህን ያህል ዘገየሽ ሲላት «ወንድሜን እስካማክር ነው» አለችው።

ወንድሜን። ማንኛችንን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ቅዳሜ

አያ ቸኮልን ማኪና ድረስ ሸኘናቸው። ብቻቸውን ሄዱ። መስኮቱን ከፍተው «አንተ የሳህን ሊቅ! ደመወዟ ቀንሶ ከመጣ መጥቼ ነው የምወስድህ» አሉኝ።

አይቀንስም። አዲሱ ደመወዝ የሚከፈለው ግን በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። እስከዚያ እታለም የኮቱን እጅጌ ታጥፍልኛለች፤ «አልቆርጠውም፣ ትደርስበታለህ» ብላኛለች።