ጸጥተኛው ጠመንጃና የሞራግ ዶሮዎች

ኤፕሪል 3፣ ሐሙስ

እዚህ በደቡቡ ዓለም ክረምት የሚገባው በጁን ነው፣ ውርጭ ገና አልጀመረም። ከሰዓት በኋላ ታችኛው ማሳ ላይ አሥራ አንድ አጋዘን ቆጠርኩ። ለበጎቹ ክረምት ብዬ የዘራሁትን መኖ እየጋጡ። በአባቴ አሮጌ ጠመንጃ አንዱን ጣልኩ፣ አሥሩ አጥር ዘለው ጠፉ። ነገ ተመልሰው ይመጣሉ፣ አውቃቸዋለሁ።

ጠመንጃውን ሳላስቀምጥ ስልኩ ጮኸ። ሌላ ማን ይሆናል? ከሸለቆው ማዶ ያለችው ሞራግ ናት።

"አላስተር! አንተ ነህ የተኮስከው?"

"እኔ ካልሆንኩ ጦርነት ገብቷል ማለት ነው።"

"ዶሮዎቼ በድንጋጤ እንቁላል መጣል ሊያቆሙ ነው። ሰው አትሆንም እንዴ? ... ምን በላህ ዛሬ?"

"ዳቦና ቺዝ።"

"እሱም ምግብ ሆኖ!" ዘጋችው።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው፣ ባለቤቴ አይላ ከሞተች ጀምሮ። በተኮስኩ ቁጥር። አይላ እያለች ግን ሞራግ ስለ ዶሮ አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም። ያኔ ዶሮ አልነበራትም? ነበራት እኮ... ሴትዮዋ ስታረጅ ነገር አበዛች።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ከተማ ወረድኩ። ሄሚ ጠመንጃ ቤት። ከልጄ ከካለም ጋር ራግቢ ይጫወት የነበረው ሄሚ ነው፣ አሁን ሆዱ ከባንኮኒው ቀድሞ ይመጣል።

"ድምፅ የማያሰማ ጠመንጃ እፈልጋለሁ" አልኩት።

"ማንን ልትገድል ነው?"

"አጋዘን ነዋ።"

"አጋዘኑ ስም አለው?" ገበያተኛው ሁሉ ሳቀብኝ።

አፈሙዙ ላይ ድምፅ ማፈኛ ስለገጠምክ ብቻ አይሆንም አለኝ። ጥይቱ ከድምፅ ከፈጠነ አየሩን ሲሰነጥቅ እንደ ጅራፍ ይጮኻል። ስለዚህ ጥይቱ ራሱ ዘገምተኛ መሆን አለበት። ዘገምተኛ ከሆነ ደግሞ ከባድ ካልሆነ ጉልበት የለውም። ሃያ ሁለት የምትባለው ትንሿ ጠመንጃ ዝም ትላለች፣ ለጥንቸል ትበቃለች። አጋዘን በእሷ መምታት ግን ግፍ ነው። ባለ ሦስት መቶ ካሊበሩን አሳየኝ፣ ቀለሁ አጭር፣ ጫፉ ላይ ያለው እርሳስ ረጅምና ከባድ። "እርሳሱ በዝግታ ሲሄድም የሚከፈት ዓይነት መሆን አለበት፣ አለበለዚያ በስቶ ያልፍና እንስሳው ጫካ ገብቶ ይሰቃያል" አለ። ይሄን ሲል አልቀለደም።

ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ለእርድ ቢላዋ እንኳ እንዲህ አስቤ አላውቅም።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

ገዛሁት። ባለ ሦስት መቶውን።

የማነጣጠሪያ መነጽሩ ላይ ተከራከርን። ሃያ አራት ጊዜ የሚያጎላውን አንስቼ ነበር።

"ጨረቃን ልትመታ ነው?" አለኝ ሄሚ። "ይሄ ጠመንጃ ከመቶ ሜትር በላይ አይሠራም፣ ሽማግሌው! በዚያኛው ብታይ የአጋዘኑን ፀጉር ትቆጥራለህ እንጂ አጋዘኑን አታገኘውም።"

ከሁለት እስከ አሥር ጊዜ የሚያጎላውን ሰጠኝ። ፊተኛው መስታወት ሰፊ ነው፣ አመሻሽ ላይ ብርሃን ይሰበስባል። ውስጡ ወደ ታች የተደረደሩ ሰረዞች አሉት። ዘገምተኛ ጥይት ቶሎ ስለሚወድቅ፣ እንደ ርቀቱ ዝቅ ባለው ሰረዝ ታነጣጥራለህ። አይላ ብትኖር "መጫወቻህን አግኝተሃል" ትል ነበር።

ኤፕሪል 13፣ እሑድ

ካለም ከባሕር ማዶ፣ ከፐርዝ ደወለ። በየሁለት እሑዱ ነው፣ አያጎድልም። ምን እንደምንነጋገር ሁልጊዜ ይጠፋናል። ዛሬ ግን ወሬ ነበረኝ።

"ከሞራግ ምላስ የሚያድነኝ ጠመንጃ ገዛሁ" አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። ካሳቅኩት ቆይቼ ነበር። ደስ አለኝ።

ኤፕሪል 16፣ ረቡዕ

ካርቶን ሰቅዬ ስተኩስ ዋልኩ። ሃምሳ ሜትር ላይ አስተካከልኩት፣ መሃሉን ይመታል። መቶ ሜትር ላይ አንድ ስንዝር ዝቅ አለ። አንድ ስንዝር! በአባቴ ጠመንጃ ይሄ የለም። ከሰማንያ ሜትር በላይ ላልተኩስ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ድምፁ? በር ቀስ ብለህ ስትዘጋው የሚሰማው ዓይነት። እርሳሱ ካርቶኑን ሲመታ ከተኩሱ ይልቅ ይሰማል።

ስልክ የለም። ተገላገልኩ።

ኤፕሪል 22፣ ማክሰኞ

አመሻሽ ላይ። ስልሳ ሜትር። አንዷ ባለችበት ተዘረጋች። ሌሎቹ ቀና ብለው አዩ፣ ጆሯቸውን አዟዟሩ፣ ተመልሰው መጋጥ ጀመሩ! አንድ ሌላ ጨመርኩ። ሄሚ ያለው በሙሉ ልክ ነው።

ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ። ሻይ አፈላሁ። ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ... ለምን እዚያ እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ሁለት አጋዘን ገድዬ ማንም አላወቀም።

ሜይ 2፣ ዓርብ

ዝናብ። ማንም አልደወለም።

ሜይ 9፣ ዓርብ

ከውሻዬ ከፈርን ጋር ሳወራ ራሴን ያዝኩት። ምሳ ምን እንደበላሁ እየነገርኳት ነበር። እንቁላል ጠብሼ በላሁ፣ አልኳት። ዓይኗን ገልጣ ከደነችው። አርጅታለች እሷም።

ሜይ 20፣ ማክሰኞ

መኖው ተርፏል። ማቀዝቀዣው በሥጋ ሞልቷል። የፈለግኩት ሁሉ ሆነልኝ። ታዲያ ምን ሆኛለሁ?

ብቻዬን ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ሜይ 25፣ እሑድ

ካለም ደወለ። ድምፁ ጥሩ አልነበረም።

"አባዬ፣ ሞራግ ትናንት ደውላልኝ ነበር።"

ልጅ ሳለ አስተምራዋለች። ግን ፐርዝ ድረስ ለምን ትደውላለች?

"'አባትህ ታሟል ወይ? ተኩስ ከሰማሁ ከወር በላይ ሆነኝ' አለችኝ። አይ፣ ደህና ነው ብዬ የነገርከኝን ቀልድ ነገርኳት። ከምላስሽ የሚያድነው ድምፅ አልባ ጠመንጃ ገዝቷል፣ አልኳት።"

"ሳቀች?"

"አልሳቀችም። ከዚያ 'ጎሽ፣ ደህና ከሆነ ጥሩ ነው' ብላ ዘጋችው።"

በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ሜይ 27፣ ማክሰኞ

የአጋዘን ቅልጥም ጠቅልዬ በመኪና ሸለቆውን ዞሬ ሞራግ ቤት ሄድኩ። ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። አይላን ከቀበርን ወዲህ ደጇን ረግጬ አላውቅም። እሷ ግን በተኮስኩ ቁጥር...

በሩን ከፈተች። ከስታለች። ሥጋውን ተቀበለችኝ። ግባ አላለችኝም።

"ሞራግ፣ ያ ቀልድ..."

"ጸጥታው ደስ ይላል" አለች። "የፈለግከውን አገኘህ፣ እኔም እረፍት አገኘሁ።"

በመኪና መንገድ ሁሉ ያዘጋጀሁት ይቅርታ ሳልናገረው ቀረ። ደህና ዋይ ብዬ ዞርኩ።

መኪናዬን ያቆምኩት የዶሮ ቤቱ ጎን ነበር። በሩ ክፍት። ወለሉን ሣር ወርሶታል፣ የውሃ ማጠጫው ዝጎ ተገልብጧል። ሸረሪት አግዳሚው ላይ ቤት ሠርታለች። ላባ እንኳ የለም። እዚያ ቤት ዶሮ ካደረ ዓመት አልፎታል፣ ምናልባትም ሁለት።

ቆሜ ቀረሁ። መስኮቷ ላይ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሄድኩ።

ለካ ዶሮ የላትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትደውልልኝ... ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ? የሷን ድምፅ ለማጥፋት ሳምንት ሙሉ ካሊበር መረጥኩ፣ መነጽር አማረጥኩ።

ሜይ 29፣ ሐሙስ

የአባቴን ጠመንጃ ከቁም ሣጥን አወጣሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከቤቱ ጀርባ ያለውን የአፈር ቁልል አንድ ጊዜ ተኮስኩበት። ሸለቆው በሙሉ አስተጋባ። ፈርን አልጋ ሥር ገባች።

ስልኩ አልጮኸም። ነፋስ ነበር፣ ምናልባት አልሰማችም ይሆናል።

ሜይ 30፣ ዓርብ

ነፋስ የለም። በዚያው ሰዓት ተኮስኩ። ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ምንም።

ብደውልላትስ? ምን እላለሁ? ዶሮዎችሽ እንዴት ናቸው?

ሜይ 31፣ ቅዳሜ

ተኮስኩ። ምንም። ሰማች፣ አውቃለሁ። ተቀይማለች። መብቷ ነው።

ጁን 1፣ እሑድ

ዛሬ የመጀመሪያው ውርጭ ወረደ። ጠዋት በጎቹን ቆጠርኩ፣ አንድም አልጎደለም።

አመሻሽ ላይ እንደገና ወጣሁ። ጸጥተኛው ለአጋዘን ይሁን፣ አሮጌው ለሞራግ ይሁን ብዬ ወስኛለሁ፣ ባትደውልም። ተኮስኩ። ትከሻዬን አመመኝ። ገና ቀለሁን ከመሬት ሳላነሳ ከቤት ውስጥ ስልኩ ጮኸ። በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ሮጥኩ።

"አላስተር! አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"አራት ቀን ሙሉ! ምን እየመታህ ነው?"

"አፈር።"

ትንፋሿ ይሰማኛል።

"ዶሮዎቼን አስደነገጥክብኝ" አለች፣ ድምፅዋ ቀጠን ብሎ።

የዶሮ ቤቱን እንዳየሁ ታውቃለች። መጋረጃው ጀርባ የነበረችው እሷ ናት።

"አሁን ስንት ናቸው?" አልኳት።

"... ስድስት።"

"ስድስቱንም ይቅርታ ጠይቂልኝ። ቀልዱ መጥፎ ቀልድ ነበር በያቸው።"

"እነግራቸዋለሁ።" አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። "ምን በላህ ዛሬ?"

"ገና አልበላሁም።"

"ያመጣኸው ቅልጥም ድስት ውስጥ ነው። ለስድስት ዶሮ ይበዛል" አለች። "መኪናህን ቀስ ብለህ ንዳ፣ መንገዱ ውርጭ ነው።"