ከዋቢው መጽሐፍ የተሰረዘው የአባባ ድራማ

ለማከብርዎ፣ ለምወድዎ፣ አንዳንዴም ለምፈራዎ ለአባባ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ እንዴት ነው? ሐኪሙ የከለከለዎትን ጨው ተዉ ወይስ እናቴ ፊቷን ስታዞር ነው የሚነሰንሱት? እናቴስ እንዴት ናት? የደም ግፊቷ ወረደላት? ታናሽ ወንድሜና ሚስቱ ደህና ናቸው? ትንሿ ልጃቸውስ ጥርስ አበቀለች? እኔ ከምላሴ በቀር ደህና ነኝ። እሱ እንደሚያውቁት ነው፣ ሐኪምም አይመልሰው።

ባለፈው ደብዳቤዎ የጠየቁኝን ሳላዞር ልንገርዎ። «በምትሠሪበት መጽሐፍ ውስጥ ‹የጨረቃ ቧንቧ› የሚል የሬዲዮ ድራማ ካለ ፈልጊልኝ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብለውኝ ነበር። ፈለግሁት፣ የለም። ተሰርዟል። የሰረዝኩትም እኔው ነኝ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ አስደግፌ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከሰረዝኩት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። አንብቤው ሳበቃ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ከመቆጣትዎ በፊት ግን የምሠራበትን ቤት ይወቁልኝ። መጽሐፉን «በፊልም፣ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የቀረቡ የሳይንስ ልብወለዶች ሙሉ ዋቢ» ይሉታል፣ ስሙ ራሱ ትንፋሽ ይጨርሳል። ስለ መንኮራኩር፣ ስለሚያስቡ ማሽኖች፣ ከሌላ ዓለም ስለመጡ ፍጡሮች የተሠራ ሁሉ በፊደል ተራ ይሰፍርበታል። ሰው ሲሰማው ትልቅ ምርምር ይመስለዋል። ምርምሩ ይኸውልዎ፤ አምስት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተኮልኩለን፣ ሌሎች ያዘጋጇቸውን ዋቢ መጻሕፍት ዘርግተን እንገለብጣለን። እነዚያም ከሌሎች የገለበጡ ናቸው። የመጀመሪያው ሰው ፊልሙን አይቶት እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

አለቃችንን «ሊቁ» እንለዋለን፣ እሱ ደግሞ ከልባችን ይመስለዋል። ከእነዚህ ፊልሞች አንዱን እንኳ እስከ መጨረሻው አይቶ አያውቅም፣ ራሴን ያመኛል ይላል። ኮከብ ግን ይሰጣል! ከአንድ እስከ አምስት፣ ለእያንዳንዱ። በምን እንደሚመዝን ብጠይቀው፣ ሌሎቹ መጻሕፍት ውስጥ የተጻፈለትን መስመር ቆጥሮ እንደሆነ ነገረኝ። ብዙ ከተጻፈለት ጥሩ ነው ማለት ነው። አላፈረም እኮ! አንድ ፊልም በሦስት ስም ሦስት ቦታ ገብቶ፣ አንዱ ጋ አምስት ኮከብ፣ ሌላው ጋ አንድ አግኝቷል። አንዱን ፍጡር ደግሞ «ቆዳው አረንጓዴ፣ ሲያዩት የሚያስደነግጥ» ብለው ጽፈውታል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው! ይህን ብነግረው «አራት መጻሕፍት አረንጓዴ ነው ብለዋል» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ምን ይታወስ፣ ምን ይረሳ ብሎ የሚወስነው።

በዚህ ሥራ ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ዋቢ የሚያዘጋጅ ሰው ሌባ እንደሚመጣበት ያውቃል፣ ራሱ ሌባ ነዋ! ስለዚህ ያልተሠራ ፊልም ወይም ያልተላለፈ ድራማ ከራሱ ፈጥሮ መጽሐፉ ውስጥ ይሸጉጣል። ያ የውሸት ድራማ ሌላ መጽሐፍ ላይ ከተገኘ፣ ገልባጩ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ወጥመድ ይሉታል። የእኔ ሥራ ከምንገለብጣቸው መጻሕፍት ውስጥ ወጥመዶቹን መልቀም ነው። በአንድ መጽሐፍ ብቻ ያለ፣ የተቀዳ ድምፅ የሌለው፣ ደራሲው የማይታወቅ ከሆነ ይሰረዛል፣ በቃ።

አሁን በእኔ ቦታ ሆነው ይፍረዱኝ። አንድ ያረጀ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ፣ እንዲህ የሚል፦ «የጨረቃ ቧንቧ። የሬዲዮ ተከታታይ ድራማ፣ አሥራ ሦስት ክፍል። ባልደረቦቹ ጨረቃ ላይ ረስተውት የሄዱ የቧንቧ ሠራተኛ ታሪክ። ደራሲ፦ ባለ መፍቻው። ቅጂ የለም።» ጮክ ብዬ ሳነበው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሊቁ እንባውን እየጠረገ «ይሄማ ወጥመድ ለመሆንም አይበቃ» አለ። እኔም ሳቅኩ፣ አባባ። የቧንቧ መፍቻዎን ተሸክሜ ያደግኩት ልጅዎ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ጨረቃ ላይ ምን ይሠራል ብዬ ሳቅኩና ሰረዝኩ። ግን እርስዎም ጥፋት አለብዎት። ሰው ድራማው አሥራ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሬዲዮ ሲተላለፍለት ከርሞ፣ እንዴት ለልጁ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አይልም?

ደብዳቤዎን ይዤ ሊቁ ፊት ቆምኩ። በሁለት ጣቱ ይዞ አነበበውና «አባት ለራሱ፣ ልጅ ለአባቷ አይመሰክሩም» አለኝ። አረንጓዴውን ፍጡር በአራት ገልባጭ ምስክርነት ያስገባ ሰውዬ! ድራማው በቀጥታ ስለተላለፈ ቅጂ አልነበረውም፣ የጣቢያው መዝገብም ቤት ሲቀይሩ ጠፍቷል። ዘመድ ያልሆነ፣ በሥራው ላይ የነበረ ሰው በጽሑፍ ካልመሰከረ አይገባም፣ መጽሐፉ በሦስት ሳምንት ማተሚያ ቤት ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ አታድርቂኝ አለኝ።

እናቴ ጋ ደወልኩ፣ ለእርስዎ እንዳትነግር አስምዬ። ተዋናዮቹ ሁሉ በየተራ አልፈዋል፣ የቀረው ድምፅ ሠሪው ብቻ ነው አለችኝ። የመንኮራኩሩን በር በባልዲ ክዳን፣ የጨረቃን ነፋስ በባዶ ጠርሙስ ያሰማ የነበረው። ከእናንተ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ እንደሚኖር፣ እርስዎና እሱ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሰላም እንዳልተባባላችሁ ነገረችኝ። ምክንያቱንም ነገረችኝ። በመጨረሻው ክፍል ጀግናው ከጨረቃ ሊድን ሲል የመንኮራኩሩ በር ዘገየ። ሰውየው ገብቶ መናገር ከጀመረ በኋላ ነው በሩ የተከፈተው። እርስዎም በጣቢያው ሰው ሁሉ ፊት «በር መክፈት የማይችል ደነዝ» አሉት፣ ሁለተኛም አልጻፉም። ለዚህ ነው? ለአንድ የባልዲ ክዳን? ልጅዎ ነኝና ልናገር፣ ያሳፍራል። ሊቁን ስንቅ ነው የከረምኩት፣ ሰው መናቅን ከማን እንደወረስኩት ያን ዕለት ገባኝ።

ሳላስፈቅድዎ ጻፍኩለት። ስድብ ቢመልስልኝ አይፈረድበትም ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሦስት ገጽ ደረሰኝ፣ ፊደሉ እንደ ሽማግሌ እጅ ይንቀጠቀጣል። አሥራ ሦስቱንም ክፍል በየተራ ተርኮታል፣ የትኛው ድምፅ በምን እንደተሠራ ሳይቀር። ከሥራ ሲመለሱ ግራሶ ባልለቀቀው እጅዎ የስቱዲዮው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጽፉ እንደነበር፣ ደራሲው እርስዎና እርስዎ ብቻ እንደሆኑ ፈርሞ መስክሯል። ስለ ስድቡ አንድ ቃል የለም። ስለ በሩ ግን ጽፏል። ያን ዕለት የክዳኑ ስለት መዳፉን ቆርጦት፣ ደሙን በመሐረብ ሲያስር ነው የዘገየው። ስርጭቱ ቀጥታ ስለነበር መጮኽ አልቻለም። እርስዎ ሲሰድቡት እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ነበር።

ይህን ሳነብ አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅዎ።

ሊቁ ሦስቱን ገጾች አገላብጦ «እሺ፣ ይግባ፣ ግን ከሦስት መስመር እንዳይበልጥ» አለ፣ ሕዋን ከኪሱ አውጥቶ የሰጠኝ ያህል እየተጀነነ። አንድ ኮከብም ወረወረለት። ለምን አንድ ብዬ ብጠይቀው፣ የተጻፈለት ትንሽ ነው አለኝ። እሱን ይተዉት፣ አፈር ይብላ። «የጨረቃ ቧንቧ» ገብቷል፣ በእውነተኛ ስምዎ። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የድምፅ ሠሪ ስም ተጽፎ አያውቅም፤ ከእርስዎ ስም ሥር የእሱን ጨምሬያለሁ፣ ሊቁ እንደሆነ አያነበውም። ይህን ካልወደዱት በእኔ ይቆጡ።

እናቴን ስለ ስልኩ እንዳይቆጧት፣ ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ታናሽ ወንድሜን በርታ ይበሉልኝ። ሚስቱን ለላከችልኝ ሹራብ ያመስግኑልኝ፣ እጅጌው ረዝሟል ግን ይሞቃል። ትንሿን እግሯን ይንከሱልኝ። ለድምፅ ሠሪው የምልከውን ሰላምታ ግን ለሌላ ሰው አይስጡብኝ። ሁለት መንገድ ነው፣ ራስዎ ይሂዱና ያንኳኩ። ቶሎ ካልከፈተልዎ ቆመው ይጠብቁት።

ሴት ልጅዎ

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከገልባጮቹ ክፍል
ማክሰኞ፣ መጋቢት 14 ቀን