ሳይደገፉ መነሳት

ሰኞ
ሁለቴ ተነሳሁ፤ በሦስተኛው ወንበሩን ያዝኩ። «እማማ፣ እጅ አይፈቀድም» አለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ። ልጅ እግር ናት፤ በስልኳ ሰከንድ ትቆጥራለች። እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ አምስት ጊዜ ብድግ ቁጭ ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። ሠላሳ ዓመት ቆሜ ያስተማርኩ ሴት!

ቀጥሎ ዘሃራ ተፈተነች። አብራኝ የምትኖር የሟች ባለቤቴ እህት ናት፤ ሰባ ሰባት ዓመቷ ነው፣ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። አምስቱንም ተወጣችው። ስትጨርስ እኔን እያየች «ልድገመው እንዴ?» አለች።

ይህን ሁሉ ያመጣችብኝ እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ስወድቅ ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። ለካ አይታኛለች፤ አዘዞ ላለው ልጄ ለአንዋር ደውላ ነገረችው። አሁን «እግርሽ ካልጠና እኔ ጋ ትገቢያለሽ» ይለኛል። ፒያሳን ለቅቄ! ምን እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ ፎቅ ላይ ያለውን ክፍሌን ነው።

ማክሰኞ
የታዘዝኩት፦ ጠዋት አሥር ጊዜ ከወንበር መነሳት፣ ከሰዓት አሥር። ግድግዳ ይዞ በእግር ጣት ጫፍ መቆም።
ያደረግኩት፦ ጠዋት አራት። ከሰዓት ምንም።
አራተኛው ላይ ዘሃራ ከጓዳ ሆና «አራት!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ ብሞትም አልነሳ።

ረቡዕ
ባለሙያዋ ተመልሳ መጣች። ወለሉ ላይ አራት ሜትር በፕላስተር ምልክት አድርጋ አስኬደችኝ። እግሬን እንደምጎትት አላውቅም ነበር።
«የጭንዎ ጡንቻ ሳስቷል። ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ መቀመጥ ያበዛሉ።»
ዘሃራ ሳትጠየቅ «ሶላቷንም ወንበር ላይ ነው የምትሰግደው፤ ይኸው ሦስት ዓመቷ» አለች።
«እርስዎስ?»
«እኔማ በቀን አምስት ጊዜ ሱጁድ ወርጄ፣ ግንባሬን መሬት አስነክቼ እነሳለሁ።»
«እግርዎን ያቆየልዎት እሱ ነው» አለቻት።

ልጅቷ እንደወጣች «የራስሽ ልጅ ስለሌለሽ በእኔ ልጅ ታዢያለሽ» አልኳት። ክፉ ቃል ነው። ከአፌ ሳይወጣም አውቄዋለሁ፤ ግን አወጣሁት። ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

ሐሙስ
ቀኑን ሙሉ አልተነጋገርንም። እሰይ። ምሳዬን ብቻዬን በላሁ።
ጠዋት ሰባት ጊዜ ተነሳሁ። ማንም አልቆጠረም።

ዓርብ
ለዙሁር ሶላት ታጥቤ፣ ውዱእ አድርጌ ከዝቅተኛዋ በርጩማ ልነሳ ስል ተንሸራተትኩ። ሲሚንቶው ላይ ቀረሁ። አልተጎዳሁም፤ መነሳት ግን አልሆነልኝም። ስንት ጊዜ ሞከርኩ! ስሟን ላለመጥራት ከንፈሬን ነከስኩ። በኋላ ጠራኋት።

መጣች። እጇን አልዘረጋችልኝም። «እኔ ካነሳሁሽ ሁለታችንም እንወድቃለን። በጎንሽ ዙሪ። ተንበርከኪ። በርጩማዋን ያዢ፣ ሸጋ አድርገሽ። አሁን ደህነኛውን እግርሽን አስቀድሚ።» እያለቀስኩ ታዘዝኩ። ተነሳሁ።

«ይህንንም ለአንዋር ንገሪው» አልኳት።
«እነግረዋለሁ! ምነው፣ አስከሬንሽን ደረጃ ሥር እስካገኝ ልጠብቅ? ወንድሜን ሞቶ ያገኘሁት እኮ እኔ ነኝ!»

ባለቤቴ የሞተ ቀን እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። አሥራ አምስት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር፣ ያን ቀን ምን እንዳየች አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ቅዳሜ
አንዋር ሻንጣ ይዞ መጣ። ተጨቃጨቅን። ዘሃራ መሃል ገብታ «የትም አትሄድም። አልጋዋን አውርድና እኔ ክፍል አስገባው» አለችው። እኔን የጠየቀ የለም። ፎቁ ባዶውን ተቆለፈ። በወሩ እንደገና እፈተናለሁ፤ ያኔ ይወሰናል።

ክፍሉ ለሁለት አልጋ ይጠባል። እሷም ያኮረፈች ትመስላለች፤ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች።
«ረቡዕ ዕለት ያልኩሽ ነገር...» ብዬ ጀመርኩ።
«ጫማሽን ከመንገድ አንሺው፤ ጠልፎ ሊጥለኝ ነው» አለች፣ ሳትዞር።
ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ቀና ስል አልጋም ግድግዳም አልያዝኩም። አይታኝ እንደሆነ አላውቅም።