በር ላይ ቆመው ያዩት ሴት፦ የወይዘሮ ቨርዴል ሩፊን ታተም የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቨርዴል ከአባታቸው ከአቶ አይዛክ ሩፊንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉሲንዳ ሜይስ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1950 በአርካንሳስ፣ ኬትል ባዩ ከተማ አጠገብ ባለ የጥጥ እርሻ ላይ ተወለዱ። እናታቸው የነጮችን ቤት በማጽዳት ይተዳደሩ ስለነበር ቨርዴልም ከዘጠኝ ዓመታቸው ጀምሮ ባልዲ ይዘው ይከተሏቸው ነበር። እውነተኛ ትምህርታቸው የተጀመረው ያኔ ነው። ወይዘሮ ሉሲንዳ ልጃቸውን በር ላይ ያቆሙና «እጅሽ ምንም ሳይነካ መጀመሪያ እዪ። ምን የት እንዳለ ያዢ። ነገ ቀለበት ጠፋ ቢሉሽ የምትመልሺው ይኑርሽ» ይሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ቨርዴል በር ላይ ቆመው ሳያዩ የትም ክፍል ገብተው አያውቁም፤ የገዛ ቤታቸውም ቢሆን።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1968 አጠናቀቁ። በ1971 ከአቶ ክሊተስ ታተም ጋር በጋብቻ ተጣምረው ናዲንና ሮቼል የተባሉ ሴቶች ልጆች አፈሩ። በ1986 በአካባቢያቸው ባለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጥረው፣ ሌሎች የሚማሩበትን ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ጠረጉ።

በኦክቶበር 2008 የሆነውን በኮሌጁ የማያውቅ የለም። የወንጀል ፍትሕ መምህሩ አቶ ዴል ሃርግሮቭ፣ ጡረታ የወጡ የፖሊስ መርማሪ፣ ለፈተና ብለው አንድ ክፍል ውስጥ የውሸት ግድያ አዘጋጅተው ነበር፤ የተሰበረ ብርጭቆ፣ ቀለህ፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰ የቲማቲም ድልህ። ምሳ በልተው ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ሲመለሱ ወለሉ ያበራል። ወይዘሮ ቨርዴል ግድያውን ወልውለውታል።

«ሚስ ቨርዴል፣ የጠረጉት እኮ ፈተናዬን ነው» አሉ መምህሩ ፊታቸው ቀልቶ።

«ምን የት እንደነበር ልንገርዎት?» አሉና በሩ ላይ ቆሙ። ቀለሆቹ ከመስኮቱ በስንት ርምጃ እንደነበሩ፣ ብርጭቆው ላይ ያለው የሊፕስቲክ ምልክት በየት በኩል እንደነበር፣ ወንበሩ ወዴት ዞሮ እንደወደቀ አንድ በአንድ ተናገሩ። መምህሩ ከማስታወሻቸው ጋር እያስተያዩ፣ «ቀለሆቹ ግን አራት ናቸው» አሉ።

«ሦስት ናቸው። አራተኛው ኪስዎ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል።»

ኪሳቸው ውስጥ ተገኘ። አቶ ሃርግሮቭ ቀለሁን መዳፋቸው ላይ ሲያገላብጡ ቆይተው፣ «እርስዎ እዚህ ክፍል ሊቀመጡ እንጂ ሊጠርጉ አይገባም» አሉ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር በ58 ዓመታቸው ተመዘገቡ። ጠዋት እየጠረጉ ከሰዓት እየተማሩ፣ የሁለት ዓመቱን ትምህርት በአምስት ዓመት ተኩል ጨረሱት። አልጀብራ ሁለት ጊዜ ጣላቸው። «ሁለት ዓመት የሚሉት ለሚቸኩሉት ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። በ2011 ባለቤታቸው ሲያርፉ እንኳ ከትምህርት የቀሩት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። በ2014 ዲፕሎማቸውን ተቀብለው በሸሪፉ ቢሮ የማስረጃ ክፍል ጠባቂ ሆኑ።

በ1999 ጃርቪስ ኮል የተባለ የሃያ ዓመት ወጣት ሰው ገድሏል ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ነበር። ጠበቃው ገዳዩ ለብሶት የነበረው ሸሚዝ እንዲመረመር ሁለት ጊዜ ጠይቀው፣ ሁለቴም «ጠፍቷል» ተባሉ። በ2017 ለሦስተኛ ጊዜ ሲጽፉ ደብዳቤው ወይዘሮ ቨርዴል እጅ ገባ። ሥራ የጀመሩ ዕለት በር ላይ ቆመው ያዩት አንድ ሳጥን ትዝ አላቸው፤ ቁጥሩ የ1987 መዝገብ፣ ማሸጊያው ግን ከዘመኑ ሳጥኖች የተለየ፣ ከዓመታት በኋላ የመጣ አዲስ ዓይነት። በእጃቸው አልነኩትም። እንደተማሩት ሁለት ምስክሮች ጠርተው፣ ፎቶ አስነሥተው፣ አስፈርመው አስከፈቱት። የጠፋው ሸሚዝ በሌላ መዝገብ ሳጥን ውስጥ ታሽጎ እዚያ ነበር። በምርመራው የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ጃርቪስም ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። እኛ ቤተሰቦቻቸው ይህን ባሰብን ቁጥር ዛሬም ይደንቀናል። ያ ሁሉ ሰው ባለፈበት መደርደሪያ ላይ የሰው ዕድሜ ተቀምጦ ነበር።

በ2021 በኩላሊት ሕመም ምክንያት ሥራቸውን አቆሙ። ለእጥበት በሳምንት ሦስት ቀን በመኪናው የሚያመላልሳቸው ጃርቪስ ነበር። ወደ ሆስፒታል በገቡበት በመጨረሻው ቀንም ተሽከርካሪ ወንበራቸውን በር ላይ አስቁመው ክፍሉን ካዩ በኋላ ነው «እሺ፣ አስገቡኝ» ያሉት። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2024 በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው ፐርሊ በሐዘን ቀርተዋል።

የአስከሬን ሳጥኑን የሚሸከሙት ስድስት ሰዎች ስም በዚህ ጽሑፍ የጀርባ ገጽ ታትሟል። ጃርቪስ ስሙ እንዲገባ ሲጠይቅ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከፊት ያለውን እጀታ ለእኔ ተዉልኝ፤ በሩ ጋ ስንደርስ ትንሽ እናቆማቸዋለን።»

ጌታ ሆይ፣ በደጅህ ቆመው እስኪያዩ ታገሣቸው፤ ከዚያም ባልዲውን ተቀብለህ አሳርፋቸው።