ከቤትሽ ሥር ያለው አፈር

ውድ እታለም፣

ልደውልልሽ ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። ድምፅሽን ስሰማ እንደምዋሽ ስለማውቅ ይኸው ጻፍኩ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የላቦራቶሪያችን ሹፌር ነው፤ እሱ እዚያው እያለ አንብቢው።

ባለፈው እሑድ የልጆቹን መኝታ ቤት ስንጥቅ ስታሳዪኝ፣ «ግድግዳዬ አፍ አወጣ፤ ደግነቱ አይናገርም» ብለሽ ሳቅሽ። ልጆቹም ሳቁ። እኔ ጣቴን ከትቼ ነበር፤ እስከ አንጓው ገባ።

መሠረቱ ሊቆፈር ሲል የቦታሽን አፈር በፌስታል ያመጣሽልኝ ቀን ትዝ ይልሻል? «ተምረህ ተምረህ አፈር ፈጪ?» እያልሽ የላቦራቶሪያችን በር ላይ ቆመሽ ነበር። ፈጨሁትና ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ማሽኑ ኤክስሬይ ይለቅበታል፤ ጨረሩ በቅንጣቶቹ ውስጥ ከተነባበሩት ስስ ድርድሮች ነጥሮ ይመለሳል፤ ከሚመለስበት ማዕዘን በድርድሮቹ መካከል ያለውን ርቀት እናሰላለን። ችግሩ፣ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጠው ሸክላ አፈርና የማያብጠው፣ ደረቅ ሳሉ አንድ ዓይነት ርቀት ሊያሳዩ ይችላሉ። ስለዚህ ናሙናውን ግላይኮል በሚባል ፈሳሽ እንፋሎት ውስጥ አሳድረን እንደገና እናየዋለን። ርቀቱ ከሰፋ፣ አፈሩ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ መሠረቱንም ከሥር ይገፋል ማለት ነው።

«ይደር?» አልሽኝ። «ቆፋሪዎቹ ቆመው እኮ ነው። እህትህ ነኝ ወይስ ባለጉዳይ?»

አላሳደርኩትም። «አያብጥም» ብዬ ፈረምኩ። የቸኮልሽው አንቺ ነሽ፤ የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ።

ሰኞ ዕለት የተረፈውን አፈርሽን ከመደርደሪያው አወረድኩና አሳደርኩት። ማክሰኞ ጠዋት ርቀቱ ሰፍቶ አገኘሁት። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ከሌላ ጥግ ቆንጥሬ ደገምኩት። ያው ነው።

ትናንት ቀትር ላይ ሲያካፋ ሥራዬን ትቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። አለቃዬ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። ነገርኩት። ወረቀቱን አየና፣ «መጀመሪያ ሰዎቹን አውጣ፤ ስለ ፊርማህ በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ መኪናውን ከነሹፌሩ ሰጠኝ።

ግንበኛው «ልስኑ ነው፣ ስሚንቶ ይበቃዋል» ያለሽን እርሺው። ልጆቹን ከዚያ ክፍል ዛሬውኑ አውጪ። ሹፌሩ የመጣው ፍራሾቹን ሊጭን ነው፤ ሳሎኔን ባዶ አድርጌዋለሁ። ቅዳሜ መሐንዲስ ይዤ እመጣለሁ፤ አሮጌውንም አዲሱንም ውጤት ፊትሽ እሰጠዋለሁ።

የፈለግሽውን ብትይኝ እሰማለሁ። ፍራሾቹ ከተጫኑ በኋላ ይሁን ብቻ።

አፈር ፈጪው ወንድምሽ