ያላደረስኳቸው አራት ፎቶዎች

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሞላህ። በእነዚህ ሰባት ወራት አንተን ሳላይ የዋልኩበት የሥራ ቀን የለም። የሐዘንተኛ ወግ እንዳይመስልህ፤ የእውነቴን ነው። ቢሮ ስገባ የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ አለህ። ሊፍቱ በር ላይ አለህ፤ ሲከፈት ፊትህ ለሁለት ይከፈላል፣ ሲዘጋ መልሶ ይገጥማል። በስብሰባ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት የውሃ ጠርሙሶች ሁሉ ላይ ታየኛለህ። በቀቀኗን ደረትህ ላይ አቅፈህ፣ ፈገግ ብለህ። ከሥርህ ያለውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «በክንፋችን ሥር ሕይወት ሁሉ ደኅና ነው።»

የምጽፍልህ ሳልነግርህ የሄድክበት ነገር ስላለ ነው።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ስትደውልልኝ ድምፅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ደራሲዋ፣ ቢሮ ነሽ?» አልከኝ። አየር መንገዱ ማስታወቂያ ክፍል ከገባሁ ጀምሮ ስሜን ትተህ ደራሲዋ ነበር የምትለኝ። አሥራ አምስት ዓመት ጭነት ስትፈትሽ እንዲህ ሆነህ ሰምቼህ አላውቅም። «የጌጥ ዓሣ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሳጥን ነው አልከኝ። የኤክስሬይ ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ባልደረባህ፣ ምስማር የምትሉት ያ ቀጫጫ፣ ምስሉ አላማረውም። የመጋዘኑ ኃላፊ ግን «ወረቀቱ የተሟላ ነው፣ አሳልፈው» ብሎታል። አንተ ሄደህ ጆሮህን ሳጥኑ ላይ ለጠፍክ።

«ዓሣ አይቧጥጥም» አልክና ከፈትከው።

አርባ ሁለት በቀቀኖች። እያንዳንዳቸው በተቆረጠ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ውስጥ ተሰክተው፣ መንቆራቸው በፕላስተር ታስሮ። ያልጮሁት አፋቸው ስለታሰረ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ እስኪመጣ አንተና ምስማር ፕላስተሩን በጥፍራችሁ ስትልጡ ቆያችሁ። ሠላሳ አንዱ ሞቱ። አሥራ አንዱ ተረፉ። መጀመሪያ የተነፈሰችው ጣትህን ነክሳህ ሳቅክ፤ ምስማር በስልኩ ያነሳህ ያኔ ነው። ለካሜራው አልነበረም የሳቅከው።

ከዚያ አምስት ፎቶ ላክህልኝ። አንዱ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ አንዱ የጭነት ሰነዱ፣ አንዱ የመጋዘኑ ኃላፊ ሳጥኑ ሳይፈተሽ እንዲያልፍ የፈረመበት ገጽ፣ አንዱ ደግሞ ያው ላኪ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ «ዓሣ» መላኩን የሚያሳየው መዝገብ ነበር። አምስተኛው የአንተ ነው። ከሥሩ የጻፍከውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «አራቱን ለላይኞቹ አድርሺልኝ። በእኔ በኩል ከሄደ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የፈረመው የራሳችን ሰው ነው። አምስተኛው ለአንቺ ነው፣ ወንድምሽ ሲነከስ አይተሽ ሳቂ። ፊቴን ግን የትም እንዳታወጪው።»

ያን ሰሞን አየር መንገዳችን ከሌሎች አየር መንገዶች ጋር ሆኖ ሕገወጥ የዱር እንስሳት ዝውውርን ለመከላከል የስምምነት ሰነድ ፈርሞ ነበር። ይህን የሚያስተዋውቅ ዘመቻ እንድናወጣ ታዝዘን አለቃዬ መያዣ መጨበጫ አጥታለች። «ሰነድ ፈርመን ስንጨባበጥ የሚያሳይ ፎቶ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ታሪክ አምጡልኝ፣ ሰው አምጡልኝ» ትለን ነበር በየስብሰባው።

ስልኬን ይዤ የገባሁት አራቱን ላሳያት ነበር። እምልልሃለሁ። ግን ኮራሁብህና ቀድሜ አምስተኛውን አሳየኋት። «ወንድሜ ነው» አልኳት።

«ይሄማ ከሰማይ የወረደልን ነው!» ብላ ከወንበሯ ተነሣች።

«ሌሎችም አሉ፣ እነዚህን እዪያቸው» አልኳት። አራቱን በአውራ ጣቷ ቶሎ ቶሎ አሳለፈቻቸው።

«ይሄ የሕግ ክፍል ጉዳይ ነው። አሁን ከነካካነው ዘመቻው ይበላሽብናል። በኋላ ይደርሳል።»

«ፊቱ እንዲወጣ አይፈልግም።»

«እጁን ብቻ አውጥተን ማን ሊያምነን? ሰው የሚያምነው ፊት ነው። ደግሞ ወንድምሽ ነው፣ አንቺን እምቢ አይልሽም። ዘመቻውን የምትመሪውም አንቺ ነሽ።»

ለጠየቀኝ ሁሉ «አለቃዬ ናት ያወጣችው» እያልኩ ቆየሁ። ለእናታችን እንዲያ ብያለሁ፣ ለባለቤትህም እንዲያ ብያለሁ። እውነቱ ግን አለቃዬ ስልኬን አልነጠቀችኝም። ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ፣ ተቀምጬ፣ አምስተኛውን መርጬ የላክሁት እኔ ነኝ። አራቱን ተውኳቸው። «በኋላ» የምትለዋን ቃል ስትሰጠኝ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኳት።

የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ እጅጌህ ላይ የነበረውን ደም አጸዱት። እግርህ ሥር የተደረደሩትን የሞቱ ወፎች ቆርጠው አወጡና በቦታቸው ሰማይ አስገቡ። እኔ መጀመሪያ «አሥራ አንድ በቀቀኖች ተረፉ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። «ሰው ስንት ሞተ ብሎ እንዲጠይቅ ነው?» አለችኝ አለቃዬ። ስለዚህ «አርባ ሁለት በቀቀኖችን ከአዘዋዋሪዎች እጅ አስጣልን» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ አስጥለናል። ያን ቃል በማግኘቴ የዚያን ቀን በራሴ ረክቼ ነው የዋልኩት።

ዘመቻው ተዘጋጅቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ያህል ፈጀ። ግድግዳው ላይ በተሰቀልክ በሦስተኛው ቀን የሥራ ልብስህን እንደለበስክ ቢሮዬ መጣህ። ጥበቃው «ጀግናው መጣ!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣልህ። አንተ ግን ከራስህ ምስል ፊት ቆመህ ነበር።

«ሸሚዜን ማን አጠበው?» አልከኝ።

ሳቅ ልልህ ሞከርኩ፤ አልሳቅክልኝም።

«ሠላሳ አንዱስ?»

«ለማስታወቂያ አይሆንም ወንድም ጋሼ።»

ዓይንህን ከምስሉ አንሥተህ ወደ እኔ ዞርክ። «እሺ፣ አራቱ ፎቶዎችስ?»

ይኸው፣ ሳልነግርህ የሄድክበት ይህ ነው። ዓይን ዓይንህን እያየሁ «ደርሰዋል። እየታዩ ነው» አልኩህ።

ትከሻህ ወረደ። ትንፋሽህን ስትለቀው ሰማሁ። «እንግዲያው ጥሩ» አልክ። «እነሱ ነገሩን ከያዙት ፊቴ ቢወጣም ግድ የለም።» ጭራሽ አጽናናኸኝ። ስትወጣ ጭንቅላቴን እንደ ልጅነታችን ነካ አደረግከኝ።

ከዚያ በኋላ በስልክ ስናወራ እየደወሉ ዝም የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ነገርከኝ። «ፈራህ እንዴ?» ስልህ «ምን ያስፈራኛል? ነገሩ ተይዟል ብለሽኛል» አልከኝ። የምትሄድበትን መንገድ አልቀየርክም። ፈረቃህን አልቀየርክም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ሰሌዳ የሌለው ፒክአፕ ገጨህና ሄደ። አደጋ ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ባላውቀው ይሻለኝ እንደሆነም አላውቅም።

በማግስቱ የስንብት ጽሑፉን እንድጽፍ ታዘዝኩ። ጻፍኩት። ምስልህ ጥግ ላይ ለአንድ ሳምንት ጥቁር ሪባን አደረጉ፤ ከዚያ አነሡት። አንተን ግን አላነሡህም።

ባለፈው ወር ዘመቻው ተሸለመ። ሽልማቱን እንድቀበል እኔን ላኩኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቼ ቀበቶዬን እያሰርኩ ሳለ የወንበሮቹ ስክሪኖች በአንዴ ቦግ አሉ። ወንድም ጋሼ፣ በየወንበሩ ጀርባ ላይ ነበርክ። ከፊቴ፣ ከጎኔ፣ ወደ ኋላ ዞር ስልም እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ። ሁላችሁም አብራችሁ ፈገግ አላችሁ። በቀቀኗ በሁሉም እጅ ላይ በአንድ ጊዜ ክንፏን አነሣች፤ ይህንንም በኮምፒውተር ነው የሠሩት።

አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። «እንዴት ደስ የሚል ሰው ነው!» አሉኝ። «ወፎቹ ሁሉ ተረፉ ማለት ነው?»

«አልተረፉም እማማ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «ሠላሳ አንዱ ሞተዋል። ሰውዬው ወንድሜ ነው። እሱም ሞቷል።»

ደንግጠው አዩኝ። ከዚያ የእኔን ስክሪን ሊያጠፉልኝ በጣታቸው ይነኩ ጀመር። ማስታወቂያው እስኪያልቅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እንዳይጠፋ ያልነው እኛው ነን። እምቢ ሲላቸው ሻርፓቸውን ከአንገታቸው ፈተው ፊትህ ላይ ጣሉበት። በጨርቁ ውስጥ ብርሃንህ ይታየኝ ነበር። እጄን ያዙኝ፣ እስክንነሣ አልለቀቁኝም።

ሽልማቱ አዳራሽ አልገባሁም። ሆቴል ክፍሌ ተቀምጬ ስልኬን ከፍቼ በመልእክቶችህ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄድኩ። አራቱ አሉ። አንዳቸውም አልጠፉም።

እንደተመለስኩ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ሄድኩ። መርማሪው ጎልማሳ ሰው ነው፣ አራቱንም ደጋግሞ አያቸው።

«መቼ ነው የደረሰሽ?» አለኝ።

«ዘጠኝ ወር ሊሆነው ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ያኔ መጥቶ ቢሆን...» አለና ተወው። ቢጨርሰው ይሻለኝ ነበር። ቃሌን ሰጥቼ ከነቀኑ ፈረምኩ፤ መቼ እንደተቀበልኩ፣ ለማን እንዳሳየሁ፣ አንተን ምን ብዬ እንደዋሸሁህ ጭምር። ምስማርም መጥቶ ቃሉን ሰጥቷል። ባለፈው ሐሙስ የመጋዘኑን ኃላፊ ወስደውታል። ስለ ፒክአፑ ግን ምንም ተስፋ አልሰጡኝም።

ከትናንት ወዲያ ሥራውን ለቅቄያለሁ። አለቃዬ «አንቺም እኮ አብረሽ ነበርሽ» አለችኝ። «አዎ፣ ነበርኩ» አልኳት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ባለቤትህ ጋ ሄድኩ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ። እትዬ ልብስ እያጠበች ነበር፤ «ቁጭ በይ፣ ልጨርስ» አለችኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። አምስተኛውን የላክሁት እኔ እንደሆንኩ፣ «ደርሰዋል» ብዬ የዋሸሁህም እኔ እንደሆንኩ።

እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። የሳሙናው አረፋ እስኪከስም ድረስ ቀና አላለችም።

«እሱ እንደደረሱ አምኖ ነው የሞተው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አዎ እትዬ።»

«አንቺ ስላልሽው ነው ያመነው?»

«አዎ።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። የምትመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። ግን በሩን ከፈተችልኝ።

«አሁን ሂጂልኝ» አለችኝ። «ዛሬ አቅም የለኝም። ነገ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ነይ። የምልሽ ብዙ ነገር አለኝ፣ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኛለሽ።»

ይኸው ነጋ። ልጆችህ አሁን ቦርሳቸውን እየያዙ ይሆናል። ይህን ጨርሼ ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ። እትዬ የምትለኝን ሁሉ፣ የመጨረሻዋን ቃል ሳይቀር፣ ተቀምጬ እሰማለሁ። መልስ አልሰጥም፣ ምክንያትም አልደረድርም። ነገም ነይ ካለችኝ፣ ነገም እሄዳለሁ።

ታናሽ እህትህ