ሳትነኪያት ቅረጪ

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለክብሩ፣

ጌታ ይጠብቅህ፤ እንደምን ከርመሃል? በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ መጻፌ ሊያስደነግጥህ ይችላል። ስንደዋወል እናትህ ከአጠገቤ አይጠፉም፤ ይህን ደግሞ እሳቸው ፊት መናገር አልቻልኩም። የጎረቤታችን የባለሱቁ ልጅ ኸሊፋ ወደ ጆሃንስበርግ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

አቢጋኤላችንን እያመማት ነው። ስትጫወት ቆይታ ድንገት ትፈዛለች። ብጠራት አትሰማም። ትንሽ ቆይታ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ጨዋታዋን ትቀጥላለች። ሐኪም ቤት ስወስዳት ደግሞ ደህና ናት፤ እየሳቀች የሐኪሟን ማዳመጫ ትጎትታለች። ሐኪሟ፣ «ሲመጣባት ካላየሁ እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ በቪዲዮ ቅረጪልኝ» አለችኝ። የእኔን ስልክ ታውቀዋለህ፤ ሰርግ ትቀርጽበት የነበረውን ካሜራህን ከቁም ሳጥን አወረድኩ።

ሳቅብኝ እንግዲህ። መጀመሪያ የቀረጽኩት የራሴን ጫማ ነው። በሌላ ቀን መስኮቱን ከኋላዋ አድርጌ ልጅቷ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆነች። ከዚያ አንተ የሙሽራ እንባ ለማሳየት እንደምታደርገው ፊቷን አቅርቤ ቀረጽኩ። ሐኪሟ አየችና፣ «እጇስ? እግሯስ? ራቅ በይና ሙሉ ሰውነቷን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳትነኪያት ቅረጪ» አለችኝ። ሳትነኪያት! ይሄ ለእናት ይነገራል?

እናትህ ደግሞ ገና ስትፈዝ ነጠላቸውን ጣል አድርገውባት «በኢየሱስ ስም!» እያሉ እጃቸውን ይጭኑባታል። ካሜራው የሚያየው የእሳቸውን ጀርባ ነው። «እማዬ፣ እባክዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» ብላቸው፣ «ልጅ እየሞተ አንቺ ፊልም ታነሻለሽ?» አሉኝ።

ባለፈው እሑድ እሳቸው ጸሎት ቤት ሲሄዱ ብቻችንን ቀረን። ግድግዳውን ተደግፌ፣ ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ አንተ እንዳሳየኸኝ ትንፋሼን ቆጥቤ፣ ገና ደህና ሳለች መቅረጽ ጀመርኩ። ሙዝ እየበላች ነበር። «እማ» አለችና ቀጥ አለች። ዓይኗ አንድ ቦታ ተተከለ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቶቿ የቀሚሷን ቁልፍ ያሻሉ። ጠርታኝ አልሄድኩላትም። ምስሉ አልተነቃነቀም። ሲያልፍላት ግን ካሜራውን አስቀምጬ አቀፍኳት።

ሐኪሟ ቪዲዮውን አይታ፣ «የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው፤ መድኃኒት አለው» አለችኝ። «በቤተሰብ ሌላ ሰው ላይ ታይቷል?» ስትለኝ የለም አልኳት።

ቤት ገብተን፣ አቢን ላስደስታት ብዬ የሰርጋችንን ቪዲዮ ከፈትኩላት። መዘምራኑ ይዘምራሉ፤ ሰዉ ሁሉ ያጨበጭባል። አንተ ግን አታጨበጭብም። ዓይንህ አንድ ቦታ ተተክሏል፤ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቶችህ የኮትህን ቁልፍ ያሻሉ። እኔ ከጎንህ ሆኜ እስቃለሁ። ደጋግሜ አየሁት። እናትህን ስጠይቃቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ከልጅነቱ ነው። ተጸልዮለት ለቆት ነበር። ለሰው እንዳትናገሪ» አሉኝ።

ክብሩ፣ አንተ እዚያ ቀኑን ሙሉ መኪና እየነዳህ ዕቃ ታመላልሳለህ። አሁን መንገድ ላይ ነው እያልኩ ምግብ አይወርድልኝም። ፈርቻለሁ፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። እባክህ መኪናውን ለሌላ ሰው አስረክብና ተመርመር። አውቀህ ደብቀኸኝም ከሆነ አልቆጣህም፤ ብቻ አትንዳ።

አቢ መድኃኒቷን ጀምራለች፤ ስለ እሷ አትጨነቅ። ለሐኪሟም አባቷ አለበት ብዬ ተናግሬያለሁ። እናትህ ይህን አያውቁም።

የሰማዩ አባት መውጫ መግቢያህን ይጠብቅልኝ። እዚያ አጠገብህ ሆኖ የሚያይህ ሰው ከሌለ ግን ወደ ቤትህ ና፤ እኔ አይሃለሁ።

ሚስትህ
ዕድላዊት